ባሕር የሌለው ደሴት

ባሕር ዳር የተቆረቆረ ትልቅ ከተማ ድካሙን የሚያራግፍበት ደሴት አያጣም። የዳካር ነዋሪ የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ በጀልባ ተሳፍሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ንጎር ከተባለችው ትንሽ ደሴት ይደርሳል፤ የከተማውን ጫጫታ ከውኃው ማዶ ትቶ በአሸዋው ላይ ይጋደማል። ከዚያው ከተማ አጠገብ ደግሞ ጎሬ አለች። ዛሬ ጎብኚ የሚንሸራሸርባት ይህች ደሴት በባሪያ ንግድ ዘመን ሰው እንደ ዕቃ ተሸጦባታል። ወደ አንዷ ደሴት የሚኬደው ለመርሳት ነው፤ ወደ ሌላዋ የሚኬደው እንዳይረሳ ነው። ሰው ለዕረፍት ብሎ ከከተማው ሲወጣ የሚያመራው ከሁለቱ ወደየትኛይቱ ይሆን?

አዲስ አበባ ባሕር የላትም። ደሴት ግን አላት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በከተማይቱ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ተራራ ጋር በተያያዘው ከፍታ ላይ፣ 705 ሄክታር መሬት ተከልሎ የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ተብሏል። በከተማይቱ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ ነው። ቦታው የሚጠራው ከከተማይቱ ልደት በፊት በዚያ አካባቢ ይኖሩ በነበሩት በጉለሌ ኦሮሞዎች ስም ነው። በዙሪያው የሚናወጠው ማዕበል ውኃ አይደለም፤ ቆርቆሮና ብሎኬት፣ አስፋልትና ጭስ ነው። በሩን አልፎ ሽቅብ ጥቂት የተራመደ ሰው የመኪናው ጥሩምባ እየራቀ፣ ትንፋሹ እያጠረ፣ የጽዱ ሽታ እየቀረበው ይሄዳል። ተማሪው፣ ፍቅረኛሞቹ፣ ልጆቹን ይዞ የመጣው አባወራ፣ ሁሉም ድምፁን ሳይነገረው ዝቅ ያደርጋል። (ስሟን ከአበባ ያገኘች ከተማ አበባ ለማየት አጥር ያለበት ስፍራ መሄድ ግድ የሆነባት መሆኑ ራሱን የቻለ ጨዋታ በወጣው ነበር።)

ይህ ጸጥታ ግን ከየት መጣ? ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜና ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማይቱ ወደ ፍልውኃው ወርዳ በተስፋፋች ጊዜ፣ ጽዱና ወይራው ለቤት ማገርና ለምድጃ ማገዶ ወደቀ። እንጨት ከመራቁ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከተማይቱን ከመፈታት ያዳናት በ1880ዎቹ ከውጭ የገባው፣ ትውልዱ ከአውስትራልያ የሆነው ዛፍ ነው። ሕዝቡም ባሕር ተሻግሮ መምጣቱን አይቶ ባሕር ዛፍ አለው። ስለዚህ ባሕር የላትም የተባለችው ከተማ በአንድ በኩል ባሕር አላት፤ ኮረብታዎቿን ሁሉ ያለበሰው፣ ለሌላው ተክል ስፍራ የነፈገው ያ ዛፍ ነው። በማዕከሉ ውስጥ እንኳ ብዙው መሬት በእርሱ ተይዞ የነበረ ሲሆን፣ ኮሶው፣ ዝግባውና ወይራው እየተተከሉ ቀስ በቀስ ቦታቸውን እንዲመልሱ ይደከማል።

ባሕር ዛፉ ያቆያት ከተማ ደግሞ ማገዶዋን በጀርባ አወረደች። የእንጦጦ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ታሪክ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲጻፍ ኖሯል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተራራውን ወጥተው፣ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከራሳቸው ክብደት ብዙም የማያንስ ሸክም አዝለው፣ ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁል ይወርዳሉ። ትዕይንቱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ደን በተከለለ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ መንገድ የሚዘጋባቸው እነርሱ ናቸው። ጎብኚው የሚያጣጥመው ጸጥታ በከፊል የእነርሱ እግር ያልረገጠው ጸጥታ ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ችኩል ፍርዶች ይሰማሉ። አንደኛው ተፈጥሮ ከሁሉ ይቀድማል ባይ ነው፤ እርሱ ምድጃው በኤሌክትሪክ ስለሚነድ የማገዶን ነገር ረስቶታል። ሁለተኛው፣ ሰው እራቱን ሳያበስል የእጽዋት ማዕከል ቅንጦት ነው ይላል። ይህኛው ለድኻ የቆመ ስለሚመስል ይበልጥ ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ እጽዋት ጥናት ወደ 6,000 የሚጠጉ የእጽዋት ዓይነቶችን መዝግቧል፤ ከዐሥሩ አንዱ ያህል በሌላ አገር የማይገኝ ነው። ያንን ጥናት የመሩት ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ይህንንም ማዕከል በኃላፊነት መምራታቸው አጋጣሚ አይደለም፤ በመጽሐፍ የተመዘገበው በአፈር ላይ ካልቆመ መዝገቡ የሙታን መዝገብ ይሆናል። ዘሩ የጠፋ ተክል በማናቸውም ድኻ ቤት እሳት አያነድም፤ ኮሶን መድኃኒት ያደረገውም ባለጸጋ ብቻ አልነበረም። መከለሉ እንግዲህ ትክክል ነው። ነገር ግን የከለለ ሁሉ ተበድሯል፤ የተዘጋውን መንገድ በሌላ እንጀራ መተካት የአበዳሪዋ መብት እንጂ ምጽዋት አይደለም።

በዚህ አገር መገለልን ያስተማሩት ገዳማት ናቸው። በግዕዝ ገዳም ማለት ምድረ በዳ፣ ያልታረሰ ዱር ማለት ነው። የጣና ደሴቶች መነኮሳት ውኃውን የተሻገሩት ዓለሙን ለመርሳት ሳይሆን፣ ስለ ዓለሙ ሌት ተቀን ለመቆም እንደሆነ ያምናሉ። ሥርዓታቸውን የማይከተል ሰው እንኳ ከዚህ አንድ ነገር ይረዳል፤ መራቅ ሁልጊዜ መሸሽ አይደለም። ተራራ ላይ የወጣ ሰው የወጣባትን ከተማ እንደ ካርታ ተዘርግታ ያያታል። እታች ሳለ የራሱን ሰፈር ብቻ ያይ ነበር። ይህን ሳያይ አርፎ የተመለሰ ሰው የደከመው እግሩ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ወደ ማታ በሩ ሊዘጋ ሲል ጎብኚዎች ይወጣሉ፤ በጫማቸው ላይ ቀይ አፈር፣ በእጃቸው ፎቶግራፍ አለ። ታክሲው ቁልቁል ይነሣል። በዳገቱ መታጠፊያ ላይ፣ እንጨት ያዘለች ሴት ለመኪናው ቦታ ለመልቀቅ ከነሸክሟ ወደ ቦዩ ጠርዝ ትጠጋለች። በመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ፣ «እማዬ፣ ያ እንጨት ከገባንበት ነው?» ብሎ ይጠይቃል።