የኮሶ ሻጭ ልጅ

በቀብር ዕለት የአንዲት እናት የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ያልሰማ ምእመን የለም። መቼ እንደ ተወለዱ፣ ለማን እንደ ተዳሩ፣ ስንት ልጆች እንዳፈሩ፣ ልጆቹም የት እንደ ደረሱ በዝርዝር ይነገራል። ልጆቹን ያሳደገው የእጅ ሥራ ግን «ታታሪ የቤት እመቤት ነበሩ» በሚል አንድ ሐረግ ይታለፋል። እናቱን የሚያከብር ልጅ የእናቱን ሙያ ሊደብቅ ይገባዋልን? ይህን ስናሰላስል ከዚሁ ከምዕራብ ጎንደር ቆላ የወጡ አንዲት እናት ትዝ ይሉናል።

ከመተማ በስተ ደቡብ በምትገኘው በቋራ፣ ሻርጌ በተባለው ስፍራ፣ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ካሣ ኃይሉ ተወለደ። በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ የነገሠው እርሱ ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ስለ ሞቱ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ተቸገሩ፤ ጎንደር ገብተውም ኮሶ እየሸጡ ልጃቸውን አሳደጉ ይባላል። ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው፤ በቋራ ሙቀት አይበቅልም። አበባው ደርቆ፣ ተወቅጦና በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ያን ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚበላው ሰው ሁሉ፣ መኰንንም ሆነ ገበሬ፣ ከሆዱ ትል የሚገላገለው በዚህ መድኃኒት ነበር። እንግዲህ ከቆላ የመጡት ባልቴት ኑሯቸውን የመሠረቱት አገሩ ሁሉ በሚፈልገው ነገር ላይ ነው። አገሩ ግን መድኃኒቱን እየጠጣ ሻጯን ናቀ።

ልጁ አድጎ በሸፈተ ጊዜ ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሰደቡት። የእቴጌ መነን የጦር አለቃ ደጃዝማች ወንድይራድም ይህንኑ ልጅ አስረው ሊያመጡ ፎከሩ። በ1839 ዓ.ም. ገደማ ግን ድሉ የካሣ ሆነና ፎካሪው ራሳቸው ተማረኩ። እንደሚተረከው ካሣ በራት ፈንታ ኮሶ አቀረበላቸው፤ እስኪበቃቸውም አስጠጣቸው።

ይህን ታሪክ በልጅነታችን ስንሰማ ስቀናል፤ ልባችንም ረክቷል። ዛሬ ግን አንድ ነገር ይከነክነናል። ካሣ እናቱን መውደዱን አንጠራጠርም፤ ስድቡም የሚያቃጥል ነበር። ነገር ግን ወንድይራድ ኮሶ መሸጥ ውርደት ነው ብለው ቢፎክሩ፣ ካሣ ኮሶውን የውርደት ጽዋ አድርጎ ሲያቀርብ ቃላቸውን አጸናላቸው እንጂ አላፈረሰም። እናቱ ለሰው ፈውስ የሸጡት ነገር በልጃቸው እጅ ቅጣት ሆነ። ኮሶ መሸጣቸውን ራሱን የጠላት ስም ማጥፋት ነው እያሉ የሚከራከሩም አሉ። ሊሆን ይችላል። ቢሆንም አንዲት መበለት ልጇን ለማሳደግ መድኃኒት ሸጠች መባሉ ስም ማጥፋት የሚሆነው በምን ሕግ ነው?

የናዝሬት ሰዎችም ጌታችንን በጸራቢነት አቃልለውታል። እርሱም ስለ ነቢይ በአገሩ አለመከበር ተናገረ እንጂ ሙያውን አልካደም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋል። ዐዋጁ በአደባባይ ተነገረ፤ ጓዳ መግባቱን ግን እንጃ። ሸክላ የምትሠራ እናት ጀበናዋ በየቤቱ እየፈላ እርሷ ቡዳ ስትባል ኖራለች። ጥጥ የምትፈትለዋ፣ ስፌት የምትሰፋዋ፣ ጠላ የምትጠምቀዋ ልጆቻቸውን በዚሁ አስተምረዋል፤ ልጁ ግን የእናት ሥራ ተብሎ በሚጠየቅበት ቅጽ ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል።

እኛም ከዚህ በደል ነጻ አይደለንም። አንድ ጊዜ በመተማ ቆላ ላረፉ እናት የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ተጠየቅን። ልጆቻቸው የተማሩበትን ነገሩን፤ ጻፍን። ስለ ሥራቸው ማንም አላነሣም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከቀብር ተመልሰን እዝን ልንቀምስ በተቀመጥን ጊዜ እንጀራው በትልቅ ሞሰብ ቀረበ። ጠርዙ በቀይና በጥቁር ስንደዶ የተጌጠ፣ ክዳኑ እንደ ጎጆ ጣራ የሾለ ነበር። የማን እጅ ነው ብለን ስንጠይቅ አንዲት ጎረቤት ዕንባዋን እየጠረገች «የእርሳቸው ነው እንጂ! ልጆቹን በምን ያስተማሯቸው መስሏችሁ ነው?» አለችን። የጻፍነው ወረቀት ገና በኪሳችን ነበር።