የእህሉ ክምርና የጂሙ መስታወት



ውድ ወጣቶች! ጂም ከምታዘወትሩት መካከል ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ሁሉም ስቴሮይድ የሚወስድ ከሆነ፣ የሚመረምርም ከሌለ፣ ማታለሉ ምኑ ላይ ነው?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በዓለም ፀረ-ዶፒንግ ሕግ በሚተዳደሩ ውድድሮች ሆን ብሎ ስቴሮይድ የወሰደ ስፖርተኛ ለመጀመሪያ ጥፋቱ 4 ዓመት ሊታገድ ይችላል፤ ናሙና አልሰጥም ማለትም ሆነ ቅመሙን መሸጥ ያስቀጣል። በ1990 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በተካሄደው የአርኖልድ ክላሲክ የቦዲ ቢልዲንግ ውድድር አንደኛ የወጣው ተወዳዳሪ በምርመራ ተገኝቶበት ድሉን ተነጥቋል። ይሁን እንጂ ምርመራ የማይደረግባቸው የቦዲ ቢልዲንግ መድረኮችም ብዙ ናቸው። እዚያ የሚቀጣ የለም። ታዲያ ወንጀልም የለም ማለት ነው?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አዩ። እጃቸውን ቢያስገቡበት ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ባለቤቱ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ሐዲሡን ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል።

ልብ በሉ፤ ዝናቡ የነጋዴው ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ መደበቁ ነው። ማንም እጁን ባያስገባ ኖሮ እንኳ እርጥቡ እህል ደረቅ አይሆንም ነበር።

በመርፌ ያበጠ ክንዱን በሶሻል ሚዲያ እያሳየ «በልፋቴና በዚህ ፕሮቲን ያገኘሁት ነው» የሚል ሰው ከዚያ ነጋዴ በምን ይለያል? ገዢው ደግሞ መስታወት ፊት ቆሞ የራሱን ሰውነት የሚጠላ የ16 ዓመት ልጅ ነው። ዳኛው ባይታለልም ልጁ ተታልሏል።

«እኔ አልደብቅም፤ እወስዳለሁ ብዬ በግልጽ እናገራለሁ» የሚልስ? ከማታለሉ ድኗል። ነገር ግን ሰውነት የአላህ አማና ነው። ስቴሮይድ ልብንና ጉበትን ይጎዳል፤ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን ያዳክማል። አማናን በግልጽ ማበላሸት አማና መጠበቅ አይሆንም።

የጀመራችሁት ካላችሁ በኀፍረት አትደበቁ። የተውበት በር ክፍት ነው፤ ለሐኪምም እውነቱን ንገሩ። ሌሎቻችሁ ደግሞ በርቱ፣ ክብደቱን አንሱ፤ ጠንካራ አካል ኒዕማ ነው። መስታወቱ ፊት ስትቆሙ ግን አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ሰው እጁን ወደ ክምሩ ቢያስገባ ምን ያገኛል?

ወላሁ አዕለም።