አራቱ ተሸካሚዎች
(ማር. 2፥1-12)



በቅፍርናሆም ሽባውን ሰው ወደ ጌታችን ያመጡት አራት ሰዎች ናቸው። ስማቸው አልተጻፈም። ወንጌላዊው የሚነግረን መሸከማቸውን፣ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ መግቢያ ማጣታቸውንና ጣራውን ነድለው በሽተኛውን ማውረዳቸውን ነው። (ጣራውን በኋላ ማን እንደ ጠገነው አልተነገረንም፤ ከአራቱ በቀር የሚጠየቅ ያለ አይመስለንም።) ጌታችንም የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ሽባውን ማረው።

ይህን ታሪክ የአርጆ ሰው ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ በሽተኛ የሚወጣው በቃሬዛ ነው፤ ጎረቤት እየተፈራረቀ እስከ ጤና ጣቢያው ያደርሰዋል፤ ሲጠናበትም ወደ ነቀምቴ ይላካል።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ ሲገኝ፥ ለ10,000 ሰው የሚደርሰው አንድ ሐኪም ያህል ነበር። የመተንፈሻ መሣሪያና ኦክስጅን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ በጭንቅ የሚገኝ ነገር ነበር። በዚያ ላይ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ስልክ፣ በእኛ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተቋርጦ እስከ መጋቢት 22 ድረስ ቆየ። እጅን ስለ መታጠብ የሚሰጠው ምክር እንኳ ወደ ብዙ ቤት ዘግይቶ ደረሰ።

ከሁሉ የከበደን ግን ሌላ ነበር። ተራራቁ ተባልን፤ ትእዛዙም ትክክል ነበር። ቃሬዛ ግን በሁለት እርምጃ ርቀት አይያዝም። መሣሪያ በጎደለበት አገር በሽተኛው የጎረቤቱን ትከሻ ይሻል፤ በሽታው ደግሞ ያንኑ ትከሻ ያስፈራል። እግዚአብሔር ይጠብቀኛል ብሎ አፉን ሳይሸፍን የሚገባ ሰው እግዚአብሔርን ይፈታተናል፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እርሱ መሆኑን ያስተምረናልና። በሩን ዘግቶ የሚቀመጥም ቢሆን ከአራቱ ጋር አይቆጠርም። መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ ባዶ በሆነው የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ሲሰብኩ ሐኪሞችንና ነርሶችን ከጽዳት ሠራተኞች ጋር አንድ ላይ አነሡ። ዕቃው ሲጎድል ጽዳትም ሕክምና ነው።

በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. ወባ በወለጋ ሲበረታ መድኃኒትና ባለሙያ ያጡ ጤና ጣቢያዎች እንደገና ታዩ። ስለዚህ ካቴኪስቶቻችንን የምንለምነው አለ። በየጸሎት ቤታችሁ ቃሬዛው የት እንዳለ፣ እነማን እንደሚሸከሙ፣ ሳሙናውና ጭንብሉ በማን እጅ እንደ ተቀመጠ በጽሑፍ ይያዝ። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ስምም ከዚያው ይግባ። ዝርዝሩን ለቁምስናችሁ ካህን ስጡ፤ አንዱን ቅጂ ለጤና ጣቢያው ነርስ አድርሱ።