የጦር መሣሪያ ሽያጭና የአክዓብ ማኅተም

ምእመናን ሆይ፤ በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የናቡቴን ታሪክ እናስተውል። ኤልዛቤል ደብዳቤውን በአክዓብ ስም ጽፋ በማኅተሙ አተመችው፤ የከተማውም ሽማግሌዎች ንጹሑን ሰው በሐሰት ምስክር አስወገሩት። አክዓብ ድንጋይ አላነሣም፤ ነቢዩ ኤልያስ ግን ስለ ናቡቴ ደም የወቀሰው እርሱን ነው፤ የገደለው ማኅተሙ ነበርና።

ዛሬም በሕግ መንገድ የሚሸጥ የጦር መሣሪያ ያለ መንግሥት ማኅተም ከአገር አይወጣም። ታዲያ መንግሥታት ለሚዋጉ አገሮች እንዲሸጥ ስለ ምን ይፈቅዳሉ? ምክንያታቸው ሦስት ነው፤ ፋብሪካቸው ሥራ እንዳይፈታ፥ ወዳጅ እንዲያበጁ፥ ደግሞም «እኛ ብንተው ሌላው ይሸጣል» በማለት።

የማኅተሙን ፍሬ አገራችን በሁለት ወገን ቀምሳዋለች። በ1927 ዓ.ም. ኢጣልያ ለወረራ ስትዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይላክ ከለከሉ። ክልከላው የራስዋ ፋብሪካ ላላት ለኢጣልያ ምንም አልነበረም፤ ለኢትዮጵያ ግን የእጅ እስራት ሆነ። የመንግሥታት ማኅበር በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ክልከላውን ከእኛ አንሥቶ በኢጣልያ ላይ ቢያደርገውም፥ የነዳጅ ዘይት ሳይከለከልባት ቀረ። ይህን የአቃቂ በሰቃ ምእመናን ከሁሉ ይልቅ ሊያስቡት ይገባል፤ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የጠላት አውሮፕላኖች በአቃቂ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጥይት ሲያዘንሙ የሚመክት በቂ መሣሪያ አልተገኘም።

ሁለተኛው በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ነው። ሩስያ ለኢትዮጵያ ሱኮይ 27፥ ለኤርትራም ሚግ 29 የጦር አውሮፕላን ሸጠች፤ አንድ ሻጭ ወንድማማቾችን እርስ በርሳቸው አስታጠቀ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በየካቲት 1991 ዓ.ም. ሽያጩ እንዲቆም አሳሰበ እንጂ አላስገደደም፤ የሚያስገድደውን እገዳ ያወጣው ግንቦት 9 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱም በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችን ፈጀ።

በተከለከልን ጊዜ አለቀስን፤ በተሸጠልን ጊዜ ደስ አለን። ክርስቲያን ግን ሁለት መስፈሪያ ሊይዝ አይገባውም። ለተወረረው መከላከያ የሚነፍግ ማኅተምም፥ ለወንድማማች እልቂት የሚፈቅድ ማኅተምም በአንድ ሚዛን ይመዘናል፤ ሚዛኑም የናቡቴ ደም ነው። «ሌላው ይሸጣል» ማለትም በፍርድ ቀን መልስ አይሆንም፤ ሌላው ስለ ራሱ ማኅተም ይጠየቃልና።

ካህናት ሆይ፤ ከንስሐ ልጆቻችሁ መካከል በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የሚያገለግል ቢኖር፥ «እኔ ፈርሜ አሳለፍሁ እንጂ አልገደልሁም» እንዳይል አስተምሩት። ተስፋውንም አትንፈጉት፤ አክዓብ እንኳ ማቅ ለብሶ ራሱን ባዋረደ ጊዜ መቅሠፍቱ በዘመኑ እንዳይመጣ ተደርጎለታል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።