በመድረክ ፊት ስለሚቆም ልብ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፥ ይህችን ትንሽ ጽሑፍ በሺሺንዳ ከተማ ተቀምጠህ የምታነብ ተማሪ ወይም ነጋዴ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን፥ ጥቂት ታገሠኝና እንነጋገር። የምነግርህም የምትወደውን ዘፋኝ በዓይንህ ለማየት፥ ድምፁንም ከአፉ ለመስማት ስለምትሄድበት ጉዞ ነው።

ቡናው ተለቅሞ፥ ደርቆ፥ ተሸጦም በእጅህ ጥቂት ገንዘብ በሚገባበት ወራት ገናና ጥምቀት ይመጣሉ፤ በበዓሉም ሰሞን በጅማ ወይም በአዲስ አበባ ኮንሰርት አለ የሚል ወሬ በስልክህ ይደርስሃል። አዲስ አበባ ከአንተ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። አንተ ግን ሌሊት ተነሥተህ፥ በቦንጋ አልፈህ፥ የጎጀብን ወንዝ ተሻግረህ፥ በአውቶቡስ ተጨናንቀህ ትሄዳለህ። ይህን ድካምህን አልንቀውም፤ ሰው ለማይወደው ነገር እንዲህ አይደክምምና።

ሙዚቃን ልነቅፍብህም አልተነሣሁም። ዘፈን ሁሉ የሰይጣን ነው ብለው በችኮላ የሚፈርዱ ሰባኪዎች አሉ፤ እኔ ግን ቅዱሳት መጻሕፍትን ሳነብ ከእነርሱ ጋራ ልስማማ አልቻልሁም። ነቢዩ ኤልሳዕ በተጨነቀ ጊዜ በገና የሚመታ ሰው አስጠርቶ አልነበረምን? ዳዊት በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ ሲዘል ሜልኮል በመስኮት አይታ ናቀችው፤ ንቀቷም አልተመሰገነላትም። የካፋ ሕዝብስ በዘመን መለወጫው በማሽቃሬ ባሮ ተሰብስቦ ሲዘፍን፥ እግዚአብሔር ያሳለፈለትን ክረምት ማሰቡን ማን ይነቅፈዋል? በአገራችን የዘመናዊው የሙዚቃ ጓድ ታሪክ ራሱ ከርኅራኄ ጋራ የተያያዘ ነው። በ1916 ዓመተ ምሕረት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም ያዩአቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጥተው የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞች አደረጓቸው። ለእነዚያ ልጆች መለከቱ እንጀራ ሆነላቸው።

እንግዲህ ክፉው ነገር ከወዴት ይገባል? ትል ይሆናል።

ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ ሲዘምር በነፍስ ውስጥ አንድ ነገር ይከፈታል። በጥር 1997 የቦብ ማርሌይ 60ኛ የልደት በዓል በመስቀል አደባባይ ሲከበር፥ ከሩቅ አገር የመጣው እንግዳና የአዲስ አበባው ድኻ ጎን ለጎን ቆመው ነበር። በጥር 2010 ቴዲ አፍሮ በባሕር ዳር ስታዲየም በዘፈነ ጊዜም፥ ከዚያ በፊት ኮንሰርቶቹ ደጋግመው ተከልክለው ነበርና ሕዝቡ የታፈነ ልቡን ሁሉ በዚያች ሌሊት አፈሰሰ። ሰው ብቻውን የተሸከመውን ኀዘን ሌላው ሺህ ሰው እንደሚያውቀው ሲሰማ ይጽናናል። ይህ ደስታ የውሸት ደስታ ነው አልልህም። ነገር ግን ነፍስ እንዲህ በተከፈተች ጊዜ ለማን እንደተከፈተች ካልተጠነቀቅህ፥ ለእግዚአብሔር የሚገባው በዚያው ደጅ ወጥቶ ለሰው ይሰጣል።

በሐዋርያት ሥራ ሁለት ነገር ተጽፎልናል። ሄሮድስ በቂሣርያ ልብሰ መንግሥቱን ለብሶ በተናገረ ጊዜ ሕዝቡ የአምላክ ድምፅ ነው እያለ ጮኸለት፤ እርሱም ዝም ብሎ ተቀበለ፥ ተቀሥፎም ሞተ። የልስጥራን ሰዎች ግን ለጳውሎስና ለበርናባስ ሊሠዉ በወደዱ ጊዜ፥ ሁለቱ ልብሳቸውን ቀድደው ወደ ሕዝቡ መካከል ሮጡ፤ እኛም እንደ እናንተ ሰዎች ነን ሲሉ አስተዉአቸው። ይህን ስናነብ ሁልጊዜ በሄሮድስ እንፈርዳለን። የጮኸው ሕዝብስ? በዚያ ሰው መጥፋት ድርሻ የለውምን?

ወንድሜ ሆይ፥ ይህን የምልህ ስለ ዘፋኙም ስለማዝን ነው። ጥላሁን ገሠሠን አስብ። ከክብር ዘበኛ ሙዚቃ ክፍል ጀምሮ ብዙ ዘመን ሕዝብ ያጨበጨበለት ድምፅ ነበረ፤ ሆኖም የስኳር በሽታ እግሩን አሳጣው፥ በሚያዝያ 2001ም ዐርፎ ብዙ ሰው እያለቀሰ ሸኘው። እንደ አንተ የሚታመም፥ እንደ አንተ የሚሞት ሥጋ ነበረ። አድናቂው ግን ዘፋኙ እንዲደክም አይፈቅድለትም፤ ድምፁ ቢጎረንንበት ይቈጣል፥ ቢያረጅበት ይረሳዋል። ሰውን ከሰውነት በላይ ስናወጣው ከሰውነት በታች እናደርገዋለንና ይህ ፍቅር አይባልም።

በጎንህ የቆመውንም አትርሳ። በጥቅምት 2014 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ በአንድ ኮንሰርት ላይ ሕዝቡ ወደ መድረኩ ተገፋፍቶ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም አንዱ ገና የ9 ዓመት ሕፃን ነበረ። የገደላቸውም በዙሪያቸው የነበረው ሰው ደረታቸውን ተጭኖ ትንፋሽ ማሳጣቱ ነው። አጠገባቸው ያሉት አቁሙ ብለው ቢጮኹም፥ ሙዚቃው ግን ወዲያው አልቆመም። ዓይኑን በአንድ ሰው ላይ የተከለ ሕዝብ ክንዱ የነካውን ሰው አላየም። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ብትገኝ፥ ሕዝቡ ሲጠብብ ወደ ፊት አትግፋ፤ የወደቀ ብታይ አንሣው፤ መውጫውንም አስቀድመህ እወቅ። እንዲህ ያለው ምክር በመንፈሳዊ ጽሑፍ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፥ ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ላይ የሠራውን ያስታውስ።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልናገርም። እናትህ ቡናውን በአልጋ ላይ አስጥታ ዝናብ እንዳይመታው ሌሊት እየተነሣች ሸፍና ከሆነ፥ ያ ትኬት በማን ድካም እንደተቈረጠ አንተ ታውቃለህ። የታናሽ እኅትህ ደብተር ሳይገዛ፥ የሱቁም ዕዳ ሳይከፈል ብትሄድ፥ በዚያ ማታ የምትጨፍረው በሌላ ሰው ገንዘብ ነው።

እኔ ግን የመዝሙር ጉባኤ እንጂ የዘፈን ኮንሰርት አልሄድም የምትለው ሆይ፥ አንተም ቈይ። ዘማሪው እስኪመጣ ድረስ ጸሎቱ ሲረዝምብህ፥ እርሱ ሲነሣም ስልክህን ከፍ አድርገህ ስትሮጥ፥ ስብከት ሲጀመር ደግሞ ስትወጣ አይተንሃል። በእሑድ በሰፈርህ የጸሎት ቤት አንዲት አሮጊት በተሰበረ ድምፅ ስትዘምር ትስቃለህ። ስሙ መዝሙር ስለሆነ ልብህ ወዴት እንደሰገደ የሚሰወር አይምሰልህ፤ ይህ እንዲያውም ከዘፈኑ ይልቅ ያስፈራኛል፥ መድኃኒቱ ራሱ ታሟልና።

እንግዲህ ልትሄድ ቈርጠህ እንደሆነ አንድ ነገር ልለምንህ። ከቤት ሳትወጣ ያለብህን ክፈል፤ የምትሄድበትንም ለእናትህ ሳትዋሽ ንገራት። ዘፋኙ በመድረክ ላይ በቆመ ጊዜ እጅህን ከማንሣትህ በፊት በልብህ ስሙን ጠርተህ ጸልይለት፤ ስለ ጤናው፥ ስለ ልጆቹ፥ መብራቱ ጠፍቶ ብቻውን ስለሚቀርበት ሰዓት ለምንለት። ወደ ሺሺንዳም በተመለስህ በመጀመሪያው እሑድ ከዚያች አሮጊት አጠገብ ተቀመጥና አብረሃት ዘምር።