ወደ ውኃው የተመለሰ ሰው ለማን ይዋኛል?

ሰሞኑን በመግሪብና በዒሻ ሶላት መካከል ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ «ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የዋና ውድድር ስላለ አብረን እንመዝገብ» አለኝ። ሁለታችንም በትምህርት ቤት ዘመናችን ተወዳዳሪ ዋናተኞች ነበርን። እኔ ከተውኩት አሥራ አምስት ዓመት አልፎኛል። «አሁን የልጆች አባት ሆኜ!» ብዬ ሳቅሁበት። ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳሰላስለው ግን ምክንያቴ ልጆቼ እንዳልሆኑ ተረዳሁ። ፈርቼ ነው። የፈራሁትም ውኃውን ወይም ሌሎቹን ተወዳዳሪዎች ሳይሆን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት የነበርኩትን ያንን ልጅ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ጥያቄው የእኔ ብቻ ስላልመሰለኝ ወደ እናንተ አመጣሁት። አንድ አዋቂ ሰው በወጣትነቱ ወደተወው ውድድር ቢመለስ ሥራው ከንቱ ውዳሴ ፍለጋ ነውን? ወይስ የተገባ ነው?

በቅድሚያ ተመላሹን የሚያጋጥመውን እንመልከት። ዋናን በልጅነቱ በሚገባ የተማረ ሰው ለዓመታት ውኃ ባይነካም ገንዳ ውስጥ ሲገባ እጁ የቀዘፋውን መንገድ ራሱ ያገኘዋል። ልብና ሳንባ ግን እንዲህ አይደሉም። ልምምድ በተቋረጠ በሳምንታት ውስጥ ብርታታቸው መቀነስ ይጀምራል። ስለዚህ ተመላሹ የመጀመሪያዎቹን ሃያ አምስት ሜትሮች እንደ ድሮው ይሄድና ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ትከሻው ይከብደዋል። ትዝታው ቃል የገባለትን ሰውነቱ አይከፍልለትም። ብዙዎች ዳግመኛ የሚተዉት እዚህ ላይ ሲሆን፣ የሚያሸንፋቸውም ከድካሙ ይልቅ ኩራታቸው ነው።

ይህን ችግር የተረዱ ሰዎች ሚዛኑን ራሱን ለውጠዋል። ራንሰም አርተር የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪም ዋና ለአዋቂዎች ጤና የሚሰጠውን ጥቅም በመገንዘብ ባደረገው ጥረት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በቴክሳስ፣ አማሪሎ ከተማ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የአዋቂዎች ዋና ውድድር ተካሄደ። በ1986 ደግሞ በቶኪዮ የመጀመሪያው የዓለም ውድድር ተደረገ። በዚህ ውድድር ከ25 ዓመት ጀምሮ ተወዳዳሪዎች በየአምስት ዓመቱ የዕድሜ ክልል ይመደባሉ። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ከአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ጋር አይለካም ማለት ነው። ከራሱ የአሥራ ስምንት ዓመት ትዝታ ጋር መለካቱን እንዲተው ግን የሚያስገድደው ሕግ የለም። ያንን ከራሱ ጋር የሚጨርሰው እርሱ ብቻ ነው።

አሁን ሁለት በዓለም የታወቁ ተመላሾችን እናነጻጽር። አሜሪካዊቷ ዳራ ቶረስ በኦሎምፒክ መጀመሪያ የታየችው በ1984 ነበር። ከአንድ ጊዜ በላይ ተሰናብታ ተመልሳለች። በ2008 በቤጂንግ የ41 ዓመት ሴትና የሁለት ዓመት ልጅ እናት ሆና በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ24.07 ሴኮንድ ገባች። ጀርመናዊቷ ብሪታ ስቴፈን በ24.06 ቀድማት ነበር። ቶረስ በአንድ መቶኛ ሴኮንድ ወርቁን አጣች።

ሁለተኛው አንቶኒ ኤርቪን ነው። በ2000 በሲድኒ፣ በ19 ዓመቱ፣ በዚሁ ርቀት ከአገሩ ልጅ ጋር እኩል ገብቶ ወርቁን ተጋራ። በ22 ዓመቱ ዋናን ተወ። ታኅሣሥ ወር 2004 መጨረሻ ላይ ሱናሚ የኢንዶኔዥያዋን አቼህን ጨምሮ የሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎችን ባጠፋ ጊዜ ሜዳሊያውን ለጨረታ አቅርቦ የተገኘውን 17,101 ዶላር ለተጎጂዎች ሰጠ። በኒው ዮርክም ሕፃናትን ዋና ያስተምር ነበር። ከዓመታት በኋላ ወደ ውድድር ተመልሶ በ2016 በሪዮ፣ በ35 ዓመቱ፣ በ21.40 ሴኮንድ ገብቶ ወርቅ አገኘ። ሁለተኛው 21.41 ነበር። እዚህም ልዩነቱ አንድ መቶኛ ሴኮንድ ነው።

እንግዲህ የመመለስ ዋጋ በውጤት የሚለካ ከሆነ፣ ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ በማይበቃ ጊዜ የአንዱ ድካም የተባረከ፣ የሌላዋ ድካም ከንቱ ሊሆን ነው። ይህን ፍርድ የሚቀበል ኅሊና ያለው ሰው አለ ብዬ አላምንም። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው ያለው። በእኔ ግምት ያለው ሰውየው ሲመለስ በያዘው ኒያ ላይ ነው። የኤርቪንን የልቡን አላህ ያውቃል፤ ሥራው ግን አንድ ነገር ያስተምረኛል። የተመለሰው የድሮውን ወርቅ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ አልነበረም፤ አስቀድሞ ከእጁ አውጥቶታል። የድሮ ክብሩን መልቀቅ የቻለ ሰው እንደ አዲስ ለመጀመር እጁ ባዶ ነው።

«ታዲያ የቤተሰብህ ሐቅስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከልጆች ጊዜ ተሰርቆ የሚዋኝ ዋና ዕዳ ነው፤ ሜዳሊያም አይከፍለውም። ባለቤቴን ባማክራት፣ «ድሮ ምን ያህል ፈጣን እንደነበርክ ለልጆቹ ስታወራ ከምትኖር ሄደህ ዋኝ፤ ቅዳሜ ግን የእነርሱ ነው» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ፈትዋ የሚሰጠኝ ያለ አይመስለኝም። ሰውነትም አማና ነውና እየጠበቁት ማርጀት ከተጣለብን አደራ አንዱ ነው።

ነገሩ በገንዳ ብቻ አያበቃም። በልጅነቱ ያቋረጠውን ቁርኣን ከሕፃናት ጎን ተቀምጦ መቀጠል የሚያሳፍረው ስንት ጎልማሳ አለ? ያኮረፈውን ዘመድ ከዓመታት በኋላ ደጁን ማንኳኳት የሚከብደውስ? እኔን ከውኃው ያራቀኝ ኩራት እነርሱንም ይዟቸዋል። ለይዩልኝ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ካለፈው በልጦ መታየት አለበትና መመለስ አይችልም። ለአላህ ብሎ፣ ለጤናው፣ ለአማናው የሚሠራ ግን ከሁሉ በታች ሆኖም መጀመር ይችላል።

ለጓደኛዬ ደውዬ ተመዝግቤያለሁ። ባለፈው ሳምንት ሃምሳ ሜትር ዋኝቼ የገንዳውን ጠርዝ ይዤ ለረጅም ጊዜ አለከለክሁ። ያ ልጅ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር። ይሳቅ።

ወላሁ አዕለም።