ጉልበትን መሸጥና ራስን መሸጥ

ሠርቶ መብላት ለሰው ልጅ ግዴታም ክብርም ነው። ሥራውን በአገሩ ቢያገኝ መልካም ነው፤ ባያገኝ ግን ወደ ሌላ አገር ሄዶ መፈለጉ ነውር አይደለም። ነጋዴ ዕቃውን ገበያ ወዳለበት ይዞ እንደሚሄድ ሁሉ፥ ሠራተኛም ጉልበቱንና ዕውቀቱን ዋጋ ወደሚያገኝበት ስፍራ ይዞ ቢሄድ የሚነቅፈው የለም። ነገር ግን በነጋዴና በሠራተኛ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ነጋዴ ጨዉን ሸጦ ራሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የሠራተኛ ጉልበት ግን ከሥጋው ተለይቶ በአህያ የሚጫን አይደለምና፥ ጉልበቱ በሄደበት እሱም አብሮ ይሄዳል፥ ጉልበቱ በገባበት ቤት እሱም አብሮ ይገባል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ሰው በባዕድ አገር ጉልበቱን ሲሸጥ ራሱን አብሮ እንዳይሸጥ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ወጣቶች ሆይ፥ ሕጋዊ መንገድ ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት ደጅ መጥናትን፥ ወረፋንና ማኅተምን ይሆናል። እኔ ግን ሕጋዊ መንገድ በጉልበትና በሰውነት መካከል የተተከለ የድንበር ድንጋይ ነው እላለሁ። ምክንያቱንም ቀጥዬ አስረዳለሁ።

ውል ያለው ሠራተኛ ‹‹ይህን ያህል ሰዓት እሠራለሁ፥ ይህን ያህል ደመወዝ እቀበላለሁ፥ ዘመኑ ሲፈጸም እመለሳለሁ›› ብሎ ልክ አበጅቶ ይገባል። ከልኩ ያለፈ ነገር ሲጠየቅም ‹‹አይሆንም›› ለማለት የሚቆምበት መሬት አለው። በስውር የገባው ሰው ግን፥ ጉልበቱ ከዚያኛው ባያንስም፥ ደመወዙ ቢቀርበት ለማን ይከሳል? ቢመታስ ወደየትኛው ዳኛ ይሄዳል? የበደለው ሰው ‹‹ሂድና ክሰሰኝ›› ቢለው፥ ወደ ፖሊስ ጣቢያ በገባ ዕለት የሚታሰረው ከሳሹ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ከጉልበቱ ጋር አንደበቱንም ሸጧል። አንደበቱ የተወሰደበትን ሠራተኛ አሠሪው እንደ ጋማ ከብት ቢቆጥረው ምን ያግደዋል?

ይህ እንዲያው በሐሳብ ብቻ የሚነገር አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የሳውዲ ዐረቢያ መንግሥት ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሠራተኞች ማባረር በጀመረ ጊዜ፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከእነሱም ብዙዎቹ በጀልባ ባሕር ተሻግረው በየመን በኩል የገቡ ነበሩ። የደከሙበትን ደመወዝ ሳይቀበሉ፥ ያፈሩትን ዕቃ ሳይዙ፥ ባዶ እጃቸውን የተመለሱት ጥቂቶች አይደሉም። የሠሩት ሥራ እውነተኛ ነበር፤ ያነጹት ቤትና የጠበቁት መንጋ በዚያው ቀርቷል። ነገር ግን ‹‹ይህ የእኔ ድካም ነው›› ብለው በዳኛ ፊት የሚያቀርቡት ማስረጃ አልነበራቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይመጣል። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ እናቷ ታማ፥ ታናናሾቿም ተርበው ብታይ፥ ደላላውም ‹‹ዕድሜሽን 22 ብለን እናስጽፍልሽና ሂጂ›› ቢላት፥ ይህ ውሸት በደል ነውን? ለፍቅር ተብሎ የተነገረ ውሸት ከክፉ ውሸት ጋር እኩል ይቈጠራልን? አሳቧ ንጹሕ መሆኑን ማንም አይክድም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው እንዳይሄድ መከልከሉም ፍቅሯን ለመቅጣት የታሰበ አይደለም። ነገሩን በጥንቃቄ ብንመረምረው ውሸቱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ራሷን ነው። ውሸት አንድ ጊዜ ከተነገረ በኋላ ጌታው ምስጢሩን የሚያውቅ ሰው ነውና። ደላላው ‹‹ይህን አድርጊ›› ብሎ ሲያዛት እንቢ ብትል ‹‹አጋልጥሻለሁ›› ይላታል። በዳኛ ፊት ብትቆም የመጀመሪያው ቃሏ ሐሰት ስለ ሆነ የኋለኛው እውነቷ ይጠረጠራል። ብትታመም ወይም ብትሞት እንኳ በወረቀቱ ላይ የምትገኘው ሌላ ሴት ናት። አበው ‹‹ሊበሏት የፈለጓትን አሞራ ስሟን ጅግራ ይሏታል›› ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ይህች ልጅ ገና ባሕሩን ሳትሻገር፥ ዕድሜዋን ለደላላው ባስረከበች ዕለት ከራሷ ላይ አንድ ክፍል ሸጣለች።

እናንተም ‹‹የተራበ ሰው ሕግ ይጠብቃልን?›› ብትሉኝ ጥያቄያችሁ የሚናቅ አይደለም። ሕግም የራሱ ዕዳ አለበት። ባለቤት በሩን ዘግቶ ‹‹በበር ግቡ›› ቢልና እንግዳው በአጥር ቢዘል፥ ወቀሳው የእንግዳው ብቻ አይሆንም። መንግሥታችን በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ዜጎች ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ እንዳይሄዱ ከልክሎ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ቆይቶ ነበር። የተከለከለውም የሚደርሰውን በደል በማየት ነው። ችግር ግን በአዋጅ አይቆምምና፥ በሩ ሲዘጋ ብዙዎች በመተማ በኩልና በጂቡቲ በረሓ በስውር ሄዱ።

ደግሞም በበሩ የገባ ሁሉ ከበደል አይድንም። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሊባኖስ ‹‹ከፋላ›› በሚባለው ሥርዐት የሠራተኛው የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር ታስሮ ኖሯል። ከዚህም የተነሣ በሕግ የገባች ሠራተኛ ከዱላ ሸሽታ ቤቱን ለቅቃ በወጣች ዕለት ሕገ ወጥ ተብላ ትፈለጋለች። ኳታር በ2012 ዓ.ም. ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲለውጥ የሚፈቅድ ሕግ ማውጣቷ፥ ይህ ቀንበር ሰው የሠራው እንጂ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ያሳያል። ስለዚህ በሕግ መሄድ በደልን ሁሉ ያስቀራል አልልም። በደል ሲደርስ ግን በደል መባሉን የሚያስመሰክር ነገር በተበዳዩ እጅ ይተዋል።

ዕዳው የሚሄደው ልጅ ብቻም አይደለም። በሬና መሬት ሸጦ፥ አራጣ ተበድሮ ለደላላ የሚከፍል ቤተ ሰብ፥ ልጁን በዕዳ ሰንሰለት አስሮ ይልከዋል። ዕዳ ያለበት ሠራተኛ ቢበደልም ‹‹በቃኝ፥ ልመለስ›› ለማለት አይችልም። በስልክ ‹‹ስንት ላክሽ?›› እያሉ፥ ‹‹እንዴት ነሽ?›› ማለትን የሚረሱ ወላጆችም ሳያውቁት የልጃቸውን አንደበት ይዘጋሉ።

ደላላውን በተመለከተ ‹‹ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል›› ተብሏልና፥ ከእሱ የሚያድነው ማወቅ ነው። በዚያው በ2008ቱ አዋጅ የመግቢያ ቪዛ፥ የደርሶ መልስ ማጓጓዣ፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ በአሠሪው ላይ ተጥሏል። ለሠራተኛው የቀረለት እንደ ፓስፖርት፥ እንደ ሕክምና ምርመራና እንደ ክትባት ያለው ወጪ ነው። ስለዚህ ‹‹የቪዛ ገንዘብ አምጣ›› የሚላችሁ ሰው የእሱ ያልሆነውን እንደሚጠይቅ ዕወቁ።

እንግዲህ ለመሄድ የቈረጣችሁ ወጣቶች ሆይ፥ ይህን ምክር ያዙ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ሙያ ተማሩ፤ ሙያ የሌለው እጅ በሰው አገር ዋጋው ርካሽ ነውና። የሚልካችሁ ኤጀንሲ ፈቃድ ያለው መሆኑን ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ውሉን ሳታነቡ፥ ባይገባችሁም ሳታስነብቡ አትፈርሙ። እዚያ ስትደርሱ ሌላ ውል ፈርሙ ቢሏችሁ የፊተኛውን ታስታውሱ ዘንድ አንድ ግልባጭ በቤተ ሰባችሁ ዘንድ ይቀመጥ። የኤምባሲያችሁን አድራሻ በቃላችሁ ያዙ። ስማችሁንና ዕድሜያችሁን ግን ለማንም፥ በምንም ዋጋ አትለውጡ።

ወረፋ ያሰለቻል፤ መጠበቅም በተራበ ቤት ውስጥ እጅግ ከባድ ነው። ቢሆንም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጉልበት ዛሬ ተሸጦ ነገ በእንቅልፍና በእንጀራ ይታደሳል፤ የተሸጠ ስምና የተሸጠ አንደበት ግን በሄዱበት ዋጋ ተመልሰው አይገዙም።